የዐሥር ዓመቱ ምርጥ ፊልም እንዴት ይመረጣል?

እ.ኤ.አ. በ2012 የብሪታንያው «ሳይት ኤንድ ሳውንድ» መጽሔት 846 ሐያስያንን፣ የፊልም መምህራንንና የሲኒማ ፕሮግራም አዘጋጆችን ከፊልሞች ሁሉ ምርጥ የሚሏቸውን ዐሥር እንዲጽፉ ጠየቀ። አንደኛ የወጣው በ191 ድምፅ የአልፍሬድ ሂችኮክ «ቨርቲጎ» ነው። ከ1962 ጀምሮ በየዐሥር ዓመቱ አንደኛነቱን ሳይለቅ የቆየው የኦርሰን ዌልስ «ሲቲዝን ኬን» በ157 ድምፅ ወደ ሁለተኛ ወረደ። ቁጥሩን እስቲ ገልብጠን እንየው። ከ846ቱ መራጮች 655ቱ «ቨርቲጎ»ን ከዐሥሩ ውስጥ አላስገቡትም። ከአራት መራጮች ሦስቱ ያልጠሩት ፊልም የምርጦች ሁሉ ምርጥ ተባለ ማለት ነው።

ማንም አላጭበረበረም፣ የቆጠራ ስሕተትም አልተፈጠረም። የብዙ ሰው ምርጫ ተደምሮ አንድ ዝርዝር ሲሆን የሚወጣው ውጤት እንዲህ ያለ ነው። ፊልም የሚወዱ ሰዎች ተሰብስበው የዐሥር ዓመት ምርጦችን ደረጃ እናውጣ ሲሉም የሚገጥማቸው ይኸው ነው። ክርክሩ የጦፈው በፊልሞቹ ምክንያት ይመስላል፤ ቀረብ ብሎ ላዳመጠ ሰው ግን ብዙ ጊዜ ያልተግባቡት በሌላ ነገር ነው። የትኛው ዓመት ይገባል? ድምፁ እንዴት ይደመራል? ማን የትኛውን አይቷል? በእነዚህ ላይ ሳይስማሙ የጀመሩ ሰዎች እስከ እኩለ ሌሊት ቢነታረኩ አይፈረድባቸውም።

ከዓመቱ እንጀምር። «የ2000ዎቹ ምርጥ የኢትዮጵያ ፊልሞች» ስንል ከ2000 እስከ 2009 ዓ.ም. ነው ወይስ ከ2001 እስከ 2010? የአንድ ዓመት ልዩነት ምንም አይመስልም። የኃይሌ ገሪማን «ጤዛ» ስንመለከት ግን ነገሩ ይለወጣል። ፊልሙ በመጀመሪያ የታየው በቬኒስ ፌስቲቫል ሲሆን ፌስቲቫሉ ሽልማቶቹን ሰጥቶ የተዘጋው በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜ 1 ቀን 2000 ዓ.ም. ነበር፤ አዲሱ ዓመት ሊብት አምስት ቀን ሲቀረው። «ጤዛ» የዳኞች ልዩ ሽልማትና የምርጥ ስክሪፕት ሽልማት ይዞ ወጣ። አዲስ አበባ ላይ የታየው ደግሞ በ2001 ዓ.ም. ነው፤ በዚያው ዓመት በዋጋዱጉው የፌስፓኮ ፊልም ፌስቲቫል ታላቁን የየኔንጋ የወርቅ ፈረስ ሽልማት ወሰደ። እንግዲህ ከ2000 ብላችሁ ከጀመራችሁ «ጤዛ» ይገባል። ከ2001 ጀምራችሁ መጀመሪያ የታየበትን ቀን ከያዛችሁ በጥቂት ቀናት ምክንያት ይወጣል። ከ2001 ጀምራችሁ አገር ቤት የታየበትን ቀን ከያዛችሁ ይመለሳል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2010 እስከ 2019 ካላችሁ ደግሞ ጨርሶ አይታሰብም። አንዱ ጓደኛችሁ በዓ.ም.፣ ሌላው በእ.ኤ.አ. እያሰበ ከሆነ ሁለቱ የሚያወሩት ስለተለያየ ዘመን ነው፤ ይህን ሳያውቁት አንድ ሰዓት ይከራከራሉ።

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ2016 ከ36 አገሮች 177 ሐያስያንን ጠይቆ የ21ኛውን ክፍለ ዘመን ምርጥ ፊልሞች ሲያወጣ 2000ን ከክፍለ ዘመኑ ቆጥሮታል። በጥብቅ ቢቆጠር ክፍለ ዘመኑ የሚጀምረው በ2001 ነው። 2000 ቢወጣ ኖሮ ሁለተኛ የሆነው የዎንግ ካር ዋይ «ኢን ዘ ሙድ ፎር ላቭ» እና ስምንተኛ የሆነው የኤድዋርድ ያንግ «ዪ ዪ» ከዝርዝሩ በጠፉ ነበር። አንደኛው የዴቪድ ሊንች «መልሆላንድ ድራይቭ» ግን የ2001 ፊልም ስለሆነ በየትኛውም አቆጣጠር ይተርፋል።

ከዚህ የባሰም አለ። የፈረንሳዩ «ካዬ ዱ ሲኔማ» መጽሔት የ2010ዎቹን ምርጥ ሲያስታውቅ አንደኛ ያደረገው «ትዊን ፒክስ፦ ዘ ሪተርን»ን ነው፤ በቴሌቪዥን የተላለፈ ባለ 18 ክፍል ተከታታይ ሥራ። ዳይሬክተሩ ሊንች እንደ አንድ ረጅም ፊልም አድርጎ እንደሠራው ይናገር ስለነበር ምርጫው መሠረት የለውም አይባልም። የእናንተም ቡድን ተከታታይ ድራማ ይገባል ወይ፣ ዘጋቢ ፊልም ይገባል ወይ፣ ለሚለው አስቀድሞ መልስ ይኑረው። የኔ ሐሳብ ለኢትዮጵያ ፊልሞች አገር ቤት የታዩበትን ዓመት መያዝ ነው፤ ፊልም የዘመኑ ሰው ንብረት የሚሆነው ሰዉ አይቶት ማውራት ሲጀምር ነውና። አገር ቤት ላልታየው የትም ይሁን የት መጀመሪያ የታየበት ቀን ይያዝለት።

አሁን ወደ ቆጠራው እንምጣ፤ ዋናው ነገር ያለው እዚህ ነው።

ዘጠኝ ጓደኛሞች ገበታ ከበው ተቀምጠዋል እንበል። ከ2000 እስከ 2009 ዓ.ም. ያለውን ዘመን መርጠው ሦስት ፊልሞች ለመጨረሻ ቀርተዋል፦ «ጤዛ»፣ በ2006 ዓ.ም. በሰንዳንስ ፌስቲቫል የተመልካቾችን ሽልማት ያገኘው የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት» እና በ2007 ዓ.ም. በካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ በመግባት የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም የሆነው የያሬድ ዘለቀ «ላምብ»። እያንዳንዱ ሰው ሦስቱን በቅደም ተከተል በወረቀት ይጽፋል። ቁጥሮቹ የኔ ፈጠራ ናቸው፤ የትኛው ይበልጣል የሚል ፍርድም የለባቸውም።

አራቱ ጓደኛሞች «ጤዛ» አንደኛ፣ «ድፍረት» ሁለተኛ፣ «ላምብ» ሦስተኛ አሉ። ሦስቱ «ላምብ» አንደኛ፣ «ድፍረት» ሁለተኛ፣ «ጤዛ» ሦስተኛ አሉ። የቀሩት ሁለቱ «ድፍረት» አንደኛ፣ «ላምብ» ሁለተኛ፣ «ጤዛ» ሦስተኛ አሉ። ወረቀቱ ተሰብስቧል፤ ከዚህ በኋላ ማንም ሐሳቡን አይቀይርም። ማን አሸነፈ?

የመጀመሪያው መንገድ እጅ እንደማውጣት ያለ ነው፤ አንደኛ ያሉትን ብቻ መቁጠር። «ጤዛ» 4፣ «ላምብ» 3፣ «ድፍረት» 2። «ጤዛ» አሸነፈ።

ሁለተኛው መንገድ ማጣሪያ ነው። አንደኛ ያሉት ሰዎች ቁጥር ያነሰው ይወድቅና የመራጮቹ ድምፅ ወደ ሁለተኛ ምርጫቸው ይሄዳል። የወደቀው «ድፍረት» ነው፤ ሁለቱ ወዳጆቹ ሁለተኛ ያሉት «ላምብ»ን ስለሆነ «ላምብ» 5 ሆኖ «ጤዛ»ን 4 ላይ ይተወዋል። «ላምብ» አሸነፈ። የአሜሪካው ኦስካር እ.ኤ.አ. ከ2009 ፊልሞች ጀምሮ ምርጥ ፊልሙን የሚመርጠው በዚህ ዓይነት ማጣሪያ ነው።

ሦስተኛው ነጥብ መስጠት ነው። ለአንደኛ 3፣ ለሁለተኛ 2፣ ለሦስተኛ 1። «ጤዛ» ከአራቱ 12፣ ከአምስቱ አንድ አንድ፣ በድምሩ 17። «ላምብ» ከአራቱ 4፣ ከሦስቱ 9፣ ከሁለቱ 4፣ እሱም 17። «ድፍረት» ከአራቱ 8፣ ከሦስቱ 6፣ ከሁለቱ 6፣ ድምሩ 20። «ድፍረት» አሸነፈ። ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ2018 ከእንግሊዝኛ ውጭ የተሠሩ ምርጥ ፊልሞችን ለመለየት 209 ሐያስያንን ሲጠይቅ የተጠቀመው ይህን ነው፤ አንደኛ ለተባለው 10፣ ዐሥረኛ ለተባለው 1 ነጥብ ሰጥቶ የአኪራ ኩሮሳዋ «ሰባቱ ሳሙራዮች» አንደኛ ወጣ።

ሰዎቹ ያው፣ ወረቀቶቹም ያው፤ ሦስት መንገድ ሦስት አሸናፊ አወጣ። ይህን በትክክል የተረዳ ሰው «ውጤቱ ተዛብቷል» ከማለቱ በፊት ቆጠራው ምን ዓይነት ፊልም ለማግኘት እንደተሠራ ይጠይቃል። አንደኛ ያሉትን ብቻ ስንቆጥር ጽኑ ወዳጆች ያሉት ፊልም ይጠቀማል፤ የቀሩት ሁሉ መጨረሻ ቢያደርጉት እንኳ ግድ የለውም። ነጥብ ስንሰጥ ማንም ያልጠላው፣ በሁሉም ዘንድ ሁለተኛ የሆነው ይወጣል። ማጣሪያው መሐል ላይ ነው፤ ግን ሁለተኛነት የበዛለትን ፊልም ገና በመጀመሪያው ዙር ሊጥለው ይችላል፤ «ድፍረት» ላይ የደረሰው ይኸው ነው።

ነገሩ ዛሬ የተገኘ አይደለም። ፈረንሳዊው የባሕር ኃይል መኮንንና የሒሳብ ሊቅ ዣን ሻርል ደ ቦርዳ የነጥቡን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1770 ለፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ አቅርቦ ነበር። የዘመኑ ሰው ኮንዶርሴ ደግሞ በ1785 ሌላ መለኪያ አመጣ፦ ሁለት ሁለቱን ብቻ እያጋጠሙ ማወዳደር። በእኛ ዘጠኝ ወረቀቶች «ድፍረት» ከ«ጤዛ» ጋር ሲገጥም 5 ለ 4፣ ከ«ላምብ» ጋር ሲገጥም 6 ለ 3 ይረታል። አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ኬኔት አሮው በ1951 ያሳየው ደግሞ የብዙ ሰዎችን ቅደም ተከተል አንድ አድርጎ ሲያወጣ ምክንያታዊ የሆኑ ጥቂት መስፈርቶችን ሁሉ የሚያሟላ የቆጠራ ሕግ ሊኖር እንደማይችል ነው፤ አማራጮቹ ሦስትና ከዚያ በላይ እስከሆኑ ድረስ። ስለዚህ እንከን የሌለውን ዘዴ መፈለግ ትታችሁ ለቡድናችሁ የሚስማማውን ምረጡ።

ነጥብ በሚሰጥበት ቡድን አንድ ፈተና ይመጣል። የ«ጤዛ» ወዳጆች የሚያሰጋቸው «ድፍረት» መሆኑን ዐውቀው፣ ከልባቸው ሁለተኛ ሆኖ ሳለ ሆን ብለው መጨረሻ ቢያደርጉትስ? እናስላው። አራቱም እንዲህ ቢያደርጉ «ድፍረት» ወደ 16 ይወርዳል፣ «ጤዛ» 17 ላይ ይቆማል፣ «ላምብ» ግን ካልጠበቀው ቦታ አራት ነጥብ አግኝቶ 21 ይገባል። ተንኮሉ ያነገሠው እነሱ ራሳቸው ከሁሉ የማይወዱትን ፊልም ነው። ለዚህ ነው ወረቀቱ በስም ተጽፎ ሁሉም ፊት መነበብ ያለበት የምለው፤ ሰው ያላመነበትን ደረጃ ወዳጆቹ ፊት ቆሞ ሲያስረዳ መጨነቁ አይቀርም።

ከትልልቆቹ ምርጫዎች አንዳንዶቹ ሌላ መልክ አላቸው። «ሳይት ኤንድ ሳውንድ» ከመራጮቹ ዐሥር ፊልም ይቀበላል እንጂ ለቅደም ተከተሉ ነጥብ አይሰጥም፤ የተጠቀሰ ሁሉ አንድ አንድ ድምፅ ያገኛል። ጥሩ ጎኑ ከላይ ያየነው ደረጃ በመቀያየር የሚሠራ ተንኮል እንዳይኖር ማድረጉ ነው። ጉዳቱ ደግሞ ብዙ ጥሩ ፊልም የሠራ ዳይሬክተር ድምፁ መበታተኑ ነው፤ አንዱ ወዳጁ ይህን፣ ሌላው ያንን ይጽፋል። የፍራንሲስ ፎርድ ኮፖላ «ዘ ጎድፋዘር» አንድና ሁለት እ.ኤ.አ. በ2002 እንደ አንድ ተቆጥረው አራተኛ ወጥተው ነበር። በ2012 ለየብቻ እንዲቆጠሩ ሲወሰን አንደኛው ክፍል 21ኛ፣ ሁለተኛው 31ኛ ሆኑ። በእነዚያ ዐሥር ዓመታት ውስጥ ፊልሞቹ ላይ አንድ ትዕይንት አልተቀየረም።

የሚጠየቀው ሰው ማንነትም ዝርዝሩን ይለውጣል። በ2022 መጽሔቱ መራጮቹን ወደ 1,639 ሲያሳድግ፣ ከዚያ በፊት ከ30ኛ በታች የነበረው የቤልጂየማዊቷ ሻንታል አከርማን «ዣን ዲልማን» አንደኛ ወጣ። በዚህ ምርጫ ታሪክ አንደኛ የወጣ የመጀመሪያው የሴት ዳይሬክተር ፊልም ነው፤ የአንዲትን እናት የቤት ውስጥ ሥራ ከሦስት ሰዓት በላይ በትዕግሥት የሚያሳይ። አንዳንዶች መራጭ በመብዛቱ ደረጃው ረከሰ አሉ። እኔ አልስማማም። የጥቂት አገሮች ጥቂት ሰዎች ሲመርጡት የነበረውን «የዓለም ምርጥ» ማለት ነው ማብራሪያ የሚያስፈልገው።

በኮከብ ወይም ከዐሥር በሚሰጥ ነጥብ ደረጃ ለሚያወጡ ሰዎች አንድ ነገር ልጨምር። አማካዩን ብቻ ከያዛችሁ ዐሥር ዘመድ ወዳጅ 9.6 የሰጡት ፊልም 400 ሰዎች 8.6 የሰጡትን ይበልጣል። የፊልም መረጃ ድረ ገጹ አይኤምዲቢ ለ250ዎቹ ምርጦቹ በይፋ ያስታወቀው ቀመር ይህን የሚፈታው ለእያንዳንዱ ፊልም መካከለኛ ነጥብ የሰጡ ምናባዊ መራጮችን በመጨመር ነው፤ የእሱ ቁጥር 25,000 ነው። እኛ 100 ምናባዊ ሰዎች ሁሉም 7 ሰጡ ብለን እንጨምር። የመጀመሪያው ፊልም 96 እና 700 ተደምሮ ለ110 ሲካፈል ወደ 7.2 ይወርዳል። ሁለተኛው 3,440 እና 700 ተደምሮ ለ500 ሲካፈል 8.28 ይሆናል። የብዙ ሰው ምስክርነት ያለው ፊልም ከአማካዩ ብዙም አይነቃነቅም፤ የጥቂት ሰው ምስክርነት ያለው ግን ተጨማሪ ተመልካች እስኪያገኝ ወደ መሐል ይሳባል።

ይህ ቀመር የማይፈታው አንድ ነገር አለ፤ ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝም እሱ ነው። ሰው የሚመርጠው ካየው ውስጥ ነው። የኃይሌ ገሪማ «ሳንኮፋ» እ.ኤ.አ. የ1993 ፊልም ነው። አሜሪካ ውስጥ አከፋፋይ ኩባንያ ስላልተቀበለው እሱና ባለቤቱ ሺሪኪያና አይና ከከተማ ከተማ ሲኒማ ቤት እየተከራዩ ራሳቸው አሳዩት፤ ዋሽንግተን ውስጥ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አጠገብ ያለው የመጻሕፍትና የቪዲዮ መደብራቸውም በፊልሙ ስም ይጠራል። ሥራው ታድሶ በኔትፍሊክስ በኩል በስፋት የደረሰው በ2021 ነው። እንግዲህ በ1999 ወይም በ2000 የ1990ዎቹን ምርጥ ፊልም የጻፈ ሐያሲ «ሳንኮፋ»ን ቢዘነጋ አይቶ ስላልወደደው ነው ማለት አንችልም፤ ጨርሶ አላገኘው ይሆናል። የሴኔጋላዊው ጂብሪል ዲዮፕ ማምቤቲ «ቱኪ ቡኪ»ም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 ተሠርቶ በ2008 በማርቲን ስኮርሴዚ ተቋም አማካይነት ከታደሰ በኋላ ነው አዲስ ተመልካች ያገኘው፤ በ2022 በ«ሳይት ኤንድ ሳውንድ» ከመቶዎቹ መካከል 66ኛ ሆኗል።

የእኛ ፊልሞች ይህ ጉዳት በየቀኑ ይደርስባቸዋል። ሲኒማ ቤት ጥቂት ሳምንት ታይቶ የወረደ ፊልም ዓመታት ቆይቶ ዩቲዩብ ላይ ካልወጣ፣ ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ያለ ሰው ይቅርና ባሕር ዳር ያለውም አያገኘውም። ስለዚህ በደረጃ አሰጣጥ ላይ «አላየሁትም» የሚለውን መልስ እንደ ዜሮ መቁጠር ትልቅ በደል ነው። ባዶ ቦታ ይሁን፤ ከድምሩም ከአካፋዩም ይውጣ።

ለስምንት ለዐሥር ሰዎች ቡድን እኔ የምመርጠው የኮንዶርሴን መንገድ ነው፤ ለዚህም ምክንያቱ ያላየ ሰው ጉዳይ ነው። ሁለት ሁለት ፊልም እያነሣችሁ ሁለቱንም ያዩት ብቻ እጅ ያውጡ። አንዱን ያላየ ዝም ይበል፤ ዝምታው ማንንም አይጎዳም። ብዙ ግጥሚያ የረታው ከላይ ይቀመጣል። አንዳንዴ አንደኛው ሁለተኛውን፣ ሁለተኛው ሦስተኛውን፣ ሦስተኛው ተመልሶ አንደኛውን ይረታል፤ ያን ጊዜ ሦስቱን እኩል አድርጋችሁ ጻፉ። እኩልነቱ እውነተኛ ውጤት ነው፤ በዕጣ መለያየት አያስፈልግም። ከሦስት ሰው በታች ያየውን ፊልም ከደረጃው አውጥታችሁ በሌላ ወረቀት መዝግቡ። በሚቀጥለው ስትገናኙ አብራችሁ የምታዩት ከዚያ ወረቀት ላይ ይሁን።

ወረቀቶቹንም አትጣሉ። ስምና ቀን ጻፉባቸው። በ1952ቱ የመጀመሪያው «ሳይት ኤንድ ሳውንድ» ምርጫ አንደኛ የወጣው የቪቶሪዮ ደ ሲካ «የብስክሌት ሌቦች» ገና አራት ዓመቱ ነበር፤ በ1972 ከዐሥሩ ውስጥ አልነበረም። «ሲቲዝን ኬን» ደግሞ በ1952 ከዐሥሩ ውጭ ነበር። ያንኑ ዘመን እነዚያው ሰዎች ከጥቂት ዓመት በኋላ፣ የድሮውን ወረቀት ከመክፈታቸው በፊት፣ እንደገና ደረጃ ያውጡለት፤ የትኛው ፊልም ከፍ እንዳለ፣ የትኛው እንደወረደ፣ ማንስ ምን አዲስ ነገር እንዳየ ለመነጋገር ሁለቱ ወረቀቶች ጎን ለጎን ይቀመጡ።